«እቺን ቦታ መልሳት»፦ ሂፕ ሆፕ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወረድኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን ያለ ጆሮ ማዳመጫ ከፍቶ ራፕ ያዳምጣል። ከፊታችን የነበሩ አንድ አባት ዞር አሉ። ሊቆጡት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ሰጥተው ትንሽ ቆዩና «ይሄ የኛ ዘፈን አይደለም እንዴ?» አሉ።

ልጁ ግራ ገባው። «አይ አባባ፣ የውጭ ነው» አላቸው።

«ንግግሩ የውጭ ይሆናል። ከስሩ ያለው ግን የኛ ነው» አሉ።

ልክ ነበሩ። ዘፈኑ የኒውዮርኩ ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 አብረው ያወጡት ነው። ከስሩ የሚሰማው ሙዚቃ ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። አንዷን ቁራጭ ወስደው ደጋግመው ያስኬዷታል፣ በላዩ ላይ ግጥማቸውን ይናገራሉ።

«ታዲያ ማን ሰጣቸው?» አሉ አባባ።

ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኔ ጋር ነው። ሂፕ ሆፕን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ስለሱ ሳወራ ግን አንዱ ስድብ ነው ይለኛል፣ ሌላው ስርቆት ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ከኛ ፉከራ የተቀዳ ነው ብሎ ይከራከረኛል። ስለዚህ ነገሩን ከስሩ ላስረዳ። ከአንድ ሁለት ቦታ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራፕና ሂፕ ሆፕ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ራፕ ማለት በሙዚቃ ምት ላይ ግጥም መናገር ነው። ሂፕ ሆፕ ራፕን ያቀፈ ሰፊ ባህል ነው። ሠርግን አስቡ። ዘፈኑ የሠርጉ አንድ ክፍል ነው እንጂ ሠርጉ ራሱ አይደለም።

ሂፕ ሆፕ አራት ምሰሶ አለው ይባላል። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ዲጄ አለ። በማይክ የሚናገረው ኤምሲ አለ፤ ዛሬ ራፐር የምንለው ማለት ነው። መሬት ላይ እየተሽከረከሩ የሚደነስ ብሬኪንግ የሚባል ዳንስ አለ። አራተኛው በግድግዳና በባቡር ላይ የሚሳለው ግራፊቲ ነው። ብሬኪንግ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ገብቶ በሴቶች አሚ የምትባል ጃፓናዊት፣ በወንዶች ፊል ዊዛርድ የሚባል ካናዳዊ ወርቅ ወስደዋል።

ራፕ ዛሬ ሁሉን ሸፍኖታል። ሲጀመር ግን ዋናው ሰው ራፐሩ አልነበረም። ዲጄው ነበር።

የት ተጀመረ? ለምንስ እዚያ?

ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ በሚባል ሰፈር። ቀኑ ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። በኛ ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ማለት ነው። ለወሎ ሰው ያ ዓመት ሌላ ትርጉም አለው፤ ረሃቡ የጠናበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም። ግን ቀኑን ባየሁ ቁጥር ሳላስበው አላልፍም።

በዚያ ቀን ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ በሚኖሩበት ሕንፃ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520፣ የምድር ቤቱን የጋራ አዳራሽ ተከራይታ ድግስ አሰናዳች። ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ገንዘብ ፈልጋ ነው። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሙዚቃውን ያጫወተው የ18 ዓመት ወንድሟ ክላይቭ ነው። ሰው የሚያውቀው ዲጄ ኩል ሄርክ በሚለው ስሙ ነው። ትውልዱ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ነው፤ ብሮንክስ የገባው በ12 ዓመቱ ነው። በሀገሩ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ መንገድ ላይ ደርድሮ ሕዝብ ማስጨፈር የተለመደ ነበርና እሱን ይዞ መጣ።

ሰፈሩ ያኔ ፈርሶ ነበር። ሰፊ የመኪና አውራ ጎዳና በመሃሉ ሰንጥቆት አልፏል። ሥራ የለም። ሕንፃዎች ይቃጠሉ ነበር። የሰፈር ጋንጎች ልጆችን ከጎዳና ወደ ጎዳና እንዳይሻገሩ አድርገው ነበር። በ1971 መጨረሻ ጋንጎቹ ተሰብስበው እርቅ ካወረዱ በኋላ ነው ልጆች ሰፈር ተሻግረው ድግስ መሄድ የቻሉት። እኔ ያ እርቅ ባይኖር የሄርክ አዳራሽ የሚሞላ አይመስለኝም።

ልጆቹ የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ቤት ውስጥ ግን የአባቶቻቸው ሸክላ ነበር። ሸክላ ማጫወቻው መሣሪያ ሆነ።

ዲጄው ምን አዲስ ነገር አደረገ?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። የነገሩ ልብ ይሄ ነው።

ወሎ ውስጥ ሠርግ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ሰው ይቀበላል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ዜማው ጸጥ ይልና ከበሮውና ጭብጨባው ብቻቸውን ይቀራሉ። ያኔ ነው እስክስታው የሚግለው። ቁጭ ያለው ሁሉ ይነሳል፣ ትከሻ አይያዝም። ጥቂት ቆይቶ ዘፋኙ ይመለሳል፣ ግለቱም ይበርዳል።

ፈንክ በሚባሉት የአሜሪካ የጭፈራ ዘፈኖች ውስጥም ይህች ቦታ አለች። ብሬክ ትባላለች። ሌላው መሣሪያ ዝም ይልና ድራሙ ብቻውን ይመታል። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አታልፍም። ሄርክ ከዲጄ ማጫወቻው ጀርባ ቆሞ ሰዉን ይመለከት ነበር። ልጆቹ ዘፈኑን ሙሉ እንደማይደንሱት አየ። ያቺን ቦታ ነው የሚጠብቁት።

ስለዚህ አንዱን ሸክላ በሁለት ቅጂ ገዛ። ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን አደረገ። በአንዱ ላይ ብሬኳ ስታልቅ በሌላኛው ላይ ከመጀመሪያው ይጀምራታል። ያ ሲያልቅ ወደ ፊተኛው ይመለሳል። ጥቂት ሰከንድ የነበረችው ቦታ ደቂቃዎችን ሞላች። በብሬኩ ላይ የሚደንሱት ልጆች ቢ-ቦይና ቢ-ገርል ተባሉ፤ «ቢ» የብሬክ ናት። የዳንሱም ስም ከዚያ ነው።

በኔ እምነት ሂፕ ሆፕ ማለት ይህች ቅጽበት ናት። ሄርክ አዲስ ዜማ አልደረሰም። የሰውን ጆሮና እግር አዳመጠ። ሂፕ ሆፕ የተወለደው ከአድማጭ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግራንድማስተር ፍላሽ የሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነበር። የሄርክ ሽግግር አንዳንዴ ምቱን ይስታል፤ እሱን ለማስተካከል ተነሳ። ሸክላው ላይ በከለር ምልክት አደረገና ብሬኳ ትጀምርበት ወደነበረው ቦታ ለመመለስ ስንት ዙር ወደ ኋላ ማዞር እንዳለበት ቆጠረ። ሰዉ ሳይሰማ እሱ ብቻ በጆሮ ማዳመጫ ቀድሞ የሚሰማበትን ማብሪያ ማጥፊያ ራሱ ገጣጥሞ ሠራ። ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር የሚባለው ደግሞ ገና ልጅ ሳለ ክፍሉ ውስጥ ሙዚቃ ከፍቶ እናቱ ሊቆጡት ይመጣሉ። እሳቸው ሲናገሩ ሸክላውን በእጁ ያዘው፤ ወደፊትና ወደኋላ ሲያንቀሳቅሰው የወጣው የፍትጊያ ድምፅ ደስ አለው። ስክራች የምንለው ድምፅ እንዲህ እንደተገኘ እሱ ራሱ ይተርካል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድም የራፕ ሸክላ ገበያ ላይ አልነበረም። እስከ 1979 ድረስ ሙዚቃው የሚኖረው ድግስ ላይና ከእጅ ወደ እጅ በሚቀዳ ካሴት ነው። መንዙማና የአምባሰል ዜማ ከካሴት ወደ ካሴት ሲቀዳ ያደገ የደሴ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም።

ግጥሙስ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ኤምሲው ዲጄውን የሚያሞግስ፣ ሰዉን የሚያነቃቃ ሰው ነበር። አጭር አጭር ስንኝ ጣል ያደርጋል። ቀስ በቀስ ስንኙ ረዘመ፤ ራፕ ሆነ።

ምቱን እንቁጠር። አብዛኛው ራፕ በአራት በአራት ምት ይከፈላል። አራቱ ምት አንድ ባር ይባላል። አንድ የተለመደ የራፕ አንጓ 16 ባር አለው፣ 64 ምት ማለት ነው። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ሙዚቃ ላይ ይሄ 43 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ራፐሩ ሐሳቡን፣ ታሪኩን፣ ጨዋታውን በዚያች ጊዜ ውስጥ መጨረስ አለበት። ቃላቱን በምቱ ላይ የሚያስቀምጥበት መንገድ ፍሎው ይባላል። አንዱ ልክ ምቱ ላይ ያርፋል። ሌላው ትንሽ ዘግይቶ፣ እየተጎተተ ይመጣል። ሁለት ራፐሮች አንድ ግጥም ቢሰጣቸው ፍሎዋቸው ይለያቸዋል።

ቤት መምታትስ? በአማርኛ ግጥም ስንኞች በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲያልቁ ቤት መታ እንላለን። ወል ቤት የሚባለው 6 እና 6 ቀለም ያለው አካሄድ ሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለ። ለምሳሌ ስለ ደሴው ተራራ ስለ ጦሳ ይችን ላቅርብ፦

ከጦሳ ስር ሆኜ ከተማውን ሳየው፣
ጉሙ ነው ጭሱ ነው መንገድ የጋረደው?

ቤት መትቷል። ለራፐር ግን ይሄ በጣም ቀላል ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ነው»፣ «አለው»፣ «ሄደ» እያሉ መዝጋት ማንንም አያደክምም። ጥሩ ራፐር ቤቱን በስንኙ መሃልም ይመታል፦

ጦሳ ላይ ጉም ሲወርድ፣ ፒያሳ ላይ ሰው ሲነጉድ፣
ብርድ ልብስ የሌለው ብርድ ለብሶ ሲሄድ።

ሲወርድ፣ ሲነጉድና ሲሄድ ይገናኛሉ። «ጦሳ ላይ» እና «ፒያሳ ላይ» መሃል ላይ ይጣጣማሉ። «ብርድ ልብስ» እና «ብርድ ለብሶ» በድምፅ ተቀራርበው በትርጉም ይራራቃሉ። እንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ለሰምና ወርቅ ቅርብ ነው።

አማርኛ ሌላም ሀብት አለው፤ ማጥበቅና ማላላት። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን ይነግረናል። ራፐሩ ቃሏን አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ ሊናገራት ይችላል። አንድን ስንኝ ሁለት ጊዜ በሁለት ትርጉም መናገር ይችላል። ይህን የሚጠቀምበት ሰው እስካሁን ጥቂት ነው። በጣም የምመኘው ነገር ነው።

ታዲያ ስድቡ ምንድን ነው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ።

አንደኛው ውድድር ነው። ሂፕ ሆፕ ሲጀመር ጀምሮ ባትል አለ። ሁለት ሰው ሰዉ ፊት ቆሞ በቃል ይገጥማል። ጥቁር አሜሪካውያን ተራ በተራ በቀልድ የመዘላለፍ የቆየ ጨዋታ አላቸው፤ የተቆጣ ይሸነፋል። ስንኙ ቢያቆስልም ሕጉ ይታወቃል።

ሁለተኛው ምስክርነት ነው። ግራንድማስተር ፍላሽና ፊዩሪየስ ፋይቭ የተባለው ቡድኑ በ1982 «ዘ ሜሴጅ» የተባለውን ሥራ ሲያወጡ የሰፈራቸውን ድህነት እንደሚያዩት ተናገሩ። ከዚያ በፊት ራፕ በአብዛኛው የድግስ ነበር። የሰፈሩ ቋንቋ ሻካራ ከሆነ ግጥሙም ሻካራ ይሆናል። እዚህ ላይ «እኔ» የሚለው ራፐር ሁሌም ስለራሱ እየተናገረ አይደለም። አንዳንዴ የሌላን ሰው ታሪክ በ«እኔ» ይተርካል። ይሄን ያልተረዳ ሰው ገጸ ባሕርዩን ከደራሲው ያምታታል።

ሦስተኛው ግን በቀጥታ ስድብ ነው። በተለይ ሴቶችን የሚያዋርደው። ለእሱ ማብራሪያ አልፈልግለትም። ከእህቶቼ ጋር ቁጭ ብዬ የማልሰማው ዘፈን ብቻዬንም አልሰማውም። ይሸጣል፣ ስለሚሸጥም አሳታሚዎች ገፍተውታል። ሂፕ ሆፕን በሱ ብቻ መለካት ግን ደሴን በአንድ የዝናብ ቀን እንደመለካት ነው። በ2018 ታዋቂው የአሜሪካ የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ለራፐሩ ኬንድሪክ ላማር ተሰጥቷል። ያ ሽልማት ከዚያ በፊት ከክላሲካልና ከጃዝ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ሳምፕል ማድረግ ስርቆት ነው?

ወደ አባባ ጥያቄ ደረስን።

ሳምፕል ማለት ከተቀዳ ሙዚቃ ላይ ቁራጭ ወስዶ አዲስ ሥራ ውስጥ ማስገባት ነው። ሄርክ በሁለት ሸክላ በእጁ ያደርገው የነበረውን በ1980ዎቹ ሳምፕለር የተባለ መሣሪያ ተረከበው። በ1987 የወጣው ኤስፒ-1200 መያዝ የሚችለው በጠቅላላ 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያች 10 ሰከንድ ስንት ድንቅ ሥራ ተሠርቷል!

ልብስ ሰፊን አስቡ። ጨርቁን እሱ አልሸመነውም። ልኩን የወሰደ፣ የቆረጠ፣ የሰፋ ግን እሱ ነው። ልብሱ የሱ ሥራ ነው። ጨርቁን ከሱቅ ሲያወጣ ግን መክፈል አለበት።

መጀመሪያ ላይ ብዙዎች አልከፈሉም። በ1969 ዊንስተንስ የተባለ ባንድ በቀዳው አንድ ሥራ ውስጥ ድራመሩ ግሪጎሪ ኮልማን ለ6 ሰከንድ ገደማ ብቻውን ይመታል። ያቺ ቁራጭ በሺዎች በሚቆጠሩ ሙዚቃዎች ውስጥ ገብታለች። ኮልማን ምንም ሳያገኝባት በ2006 ሞተ። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰርም ለረጅም ዓመታት ምንም አላገኘም፤ በ2015 አድናቂዎች አዋጥተው 24 ሺህ ፓውንድ ሰጡት። ይሄ ታሪክ ያመኛል። የምወደው ጥበብ ያለበት ዕዳ ነው።

ሕጉ የጠበቀው በ1991 ነው። ቢዝ ማርኪ የተባለ ራፐር የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ሳያስፈቅድ ተጠቅሞ ተከሰሰ። የኒውዮርኩ ዳኛ ውሳኔያቸውን የጀመሩት «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳምፕል የሚያደርግ ሰው ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዱ የዜማው ባለቤት ፈቃድ፣ ሌላው የቅጂው ባለቤት ፈቃድ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

በኛም ሀገር ሕግ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ይሄ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው። ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። በአምባሰል ቅኝት አዲስ ሙዚቃ ለመሥራት የሚያስፈቅዱት ሰው የለም። ማሪቱ ለገሰ የዘፈነችውን ቅጂ ቆርጦ መውሰድ ግን ሌላ ነው። እሱ ፈቃድ ይፈልጋል።

ከኛ ፉከራ ነው የተወሰደው?

አይደለም። ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አይደለም። ሥሩ ሌላ ነው፤ ጃማይካ፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ትውልዳቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ የብሮንክስ ልጆች።

መመሳሰሉ ግን እውነት ነው። ፎካሪ ራሱን አግዝፎ ይናገራል፣ ራፐርም እንዲሁ። አዝማሪ ቤት ውስጥ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ወዲያው በዜማ ይመልሰዋል። ፍሪስታይል የሚሉት ሳይዘጋጁ ባሉበት መግጠም የዚህ ዘመድ ይመስላል። መንዙማ አምልኮ ስለሆነ ከዘፈን ጋር አላወዳድረውም። ግን በድቤ ምት ላይ አንዱ እያወጣ ጀመዓው ሲቀበል እየሰማ ያደገ ልጅ ምትና ቃል እንዴት እንደሚያያዙ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ለዚህ ነው ራፕ እዚህ እንግዳ ሆኖ የማይቀረው። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ አዋህዶ «ጉራጌቶን» ሲል፣ ልጅ ሚካኤል በአማርኛ ሲገጥም ሰው ተቀብሏቸዋል።

የወሎ ቅኝቶች በዚህ መንገድ ገና ብዙ አልተነኩም።

እዚህ ሆኖ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫና ነፃ የምት መሥሪያ አፕ ለመጀመር ይበቃሉ። ሳምፕል ከፈለጋችሁ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልጉ። አስፈቅዱት፣ ክፈሉት፣ አንድ ደቂቃ ቅዱት። ስሙንም ሥራው ላይ ጻፉ። ከዚያ እየደጋገማችሁ ስሙት፤ ትከሻችሁ ሳታስቡት የሚንቀሳቀስበትን ቦታ እስክታገኙ።

ሚኒባሱ ኮምቦልቻ ሲገባ ስለፈቃዱ ነገር የማውቀውን ለአባባ በአጭሩ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚወርዱበት ቦታ ደርሶ ረዳቱ በሩን ከፈተው። እሳቸው ግን አልተነሱም። ወደ ልጁ ዞረው «አንተ ልጅ፣ እስቲ እቺን ቦታ መልሳት» አሉት።

መለሳት።